ሲስተር ህዮንጁ ያየችው ቀዳዳ

ህዮንጁ በደቡብ የባሕር ጠረፍ ባለች ከተማ ሆስፒታል፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ፣ መሣሪያ አቀባይ ነርስ ሆና አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች። የአጥንት ሐኪሙ ዶክተር ታክ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ምን እንደሚፈልጉ ገና ሳይናገሩ መሣሪያውን መዳፋቸው ላይ ታኖርላቸዋለች። እሳቸውም እንግዳ ሐኪም ሲመጣ፣ «እሷ ካለች እኔ አፍ አያስፈልገኝም» ይሉ ነበር። ህዮንጁ ይህን በሰማች ቁጥር ማስኳ ሥር ፈገግ ትላለች።

ዶክተር ታክ እጃቸው የተባረከ ነው፤ ምላሳቸው ግን ምላጭ ነው። በዚያ አገር ጉልበቷ ያለቀ አሮጊት ሁሉ ቆማ የምትሄደው በእሳቸው እጅ ስለሆነ፣ ምላሳቸውን ሁሉም ችሎ ይኖራል። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ናሬ የምትባል አዲስ ነርስ፣ «ዶክተር፣ ክርንዎ ያልጸዳውን መብራት ነካ» ብትላቸው፣ «ሐኪሙ ማነው፣ አንቺ ነሽ እኔ?» ብለው ኮሪደር ላይ አስወጥተው አቆሟት። ኋላ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ስታለቅስ ያገኘቻት ህዮንጁ ናት።

«ሲሠሩ አይነኩም፤ ልመጂው» አለቻት፤ ያጽናናቻት መስሏት ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ናሬ አፍንጫዋን ጠርጋ እሺ አለች። ከዚያ ወዲህ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ የተጠየቀችውን ከመመለስ በቀር ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ነገሩ የሆነው ለቹሶክ፣ ለመኸሩ በዓል፣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሰው ሁሉ ለበዓሉ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ መገኘት ይፈልጋልና ያን ቀን አምስት ጉልበት ተመዝግቦ ነበር። እማማ ኦም ጆምሱን አራተኛዋ ነበሩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ እየወጡ ዛጎል ሲለቅሙ ኖረዋል። ሥራው በሳንቃ ነው፤ አንዱን ጉልበት ሳንቃው ላይ ተንበርክከው በሌላው እግር ጭቃውን እየገፉ ይንሸራተታሉ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳንቃው ላይ ያረፈው ቀኝ ጉልበታቸው ነበር፤ ያለቀውም እሱ ነው።

ከወገብ በታች ደንዝዘው አልጋው ላይ እንደተጋደሙ ህዮንጁን ቀና ብለው አዩአት።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«ባቡር ጣቢያው ጀርባ የነበረው የብስክሌት ጠጋኙ ልጅ ነኝ፣ እማማ።»

«የዚያ ቀልደኛ? እንግዲያው ክፉ እጅ ላይ አልወደቅሁም» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሥራው መልካም ሄደ። አጥንቱ ተቆርጦ፣ ልኩ ተለክቶ፣ በጉልበቱ ፈንታ የሚተከለው ብረት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ግን ህዮንጁ የዶክተር ታክን ግራ እጅ አየች። አመልካች ጣታቸው ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ስንጥቅ አለች፤ የአጥንቱ ጠርዝ ይሆናል የቀደደው። በእነሱ ሆስፒታል ጓንት ሁለት ተደርቦ ነው የሚለበሰው፤ የላይኛው ነጭ፣ የውስጠኛው አረንጓዴ። የተቀደደው የላዩ ብቻ ቢሆን አረንጓዴ ይታይ ነበር። ህዮንጁ ያየችው አረንጓዴ አልነበረም። የሰው ቆዳ ነው።

አፏን ከፈተች። ብረቱን ከአጥንቱ ጋር የሚያጣብቀው ሲሚንቶ ሊቦካ ነው፤ አንዴ ከተቦካ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። አምስተኛዋ ታማሚ በር ላይ ደርሳለች። ዶክተር ታክ ከማለዳ ጀምሮ አንዴ በመብራቱ፣ አንዴ በመጋዙ ሲበሳጩ ነው የዋሉት። «እማማ አንቲባዮቲክ ተሰጥቷቸዋል፤ ምንም አይሆኑም» አለች በልቧ። ጓንት መቀየር ሁለት ደቂቃ እንደማይፈጅ ታውቃለች። አዲሱ ጓንት ከኋላዋ መደርደሪያ ላይ፣ እጇን ብትዘረጋ የምትደርስበት ቦታ ነበር። ዶክተር ታክ መዳፋቸውን ዘረጉ። ብረቱን አኖረችላቸው።

እማማ ጆምሱን ለቹሶክ ቤታቸው ገቡ። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ግን ልጃቸው አዝሎ መልሶ አመጣቸው። ጉልበታቸው እንደ ዱባ አብጧል፤ ትኩሳቱ በእጅ ሳይነካ ያስታውቃል፤ ከስፌቱ ታችኛ ጫፍ ቢጫ ነገር ይወጣል። ዶክተር ታክ ጎንበስ ብለው አይተው ሲያበቁ፣ ደጅ የቆመችውን የአሮጊቷን ልጅ ሚስት ጠየቁ።

«ውሃ አስነክታችሁታል?»

ምራቲቱ ትዌት ትባላለች፤ ከቬትናም መጥታ ያገባች ናት፤ እዚያ ቤት አሥር ዓመቷ ነው። «ለበዓሉ ገላቸውን አጥቤአቸዋለሁ» አለች በቀስታ። «ጉልበታቸውን ግን ጠቅልዬ ነው።»

«ውሃ እንዳይነካው ብያችሁ አልነበረም?»

ያ አንድ ጥያቄ በቃ። ከሴኡል የመጣችው የአሮጊቷ ትልቋ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ሰው እየሰማ፣ «ከእንግዲህ እናቴን እንዳትነኪያት» አለቻት። ትዌት አንገቷን ደፍታ ልብስ የያዘውን ቦርሳ ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። አሮጊቷ ደግሞ አልጋው ላይ ሆነው የገባ የወጣውን ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ህዮንጁ ልታያቸው ብትገባ ለእሷም እንዲሁ አሏት።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ። እጠቢኝ ብዬ ያስቸገርኳት እኔ ነኝ። ለሙታኖቻችን ማዕድ ሲቀርብ በላብ መቅረብ አሳፍሮኝ። ይኸው ልፋታችሁን ሁሉ ገደል ከተትኩት። ዶክተሩንም በምን ዓይኔ እንደማያቸው።»

ህዮንጁ ብርድ ልብሱን እግራቸው ላይ አስተካክላ ወጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር፤ መሬት ግን አትከፈትም፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግሥቱ የኢንፌክሽን ተቆጣጣሪዋ ሲስተር ፕዮን መጣች። የቁስል መመርቀዝ በተገኘ ቁጥር ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ በየተራ መጠየቅ ሥራዋ ነው። ቀጭን፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት፤ ጥያቄውንም ከወረቀቷ ላይ ጣቷን እያሳረፈች ታነባለች። አንቲባዮቲኩ በሰዓቱ ተሰጥቷል? ተሰጥቷል። የእግሩ ጠጉር የተነሳው በምላጭ ነው በጠጉር መቁረጫ መኪና? በመኪና። በሩ ብዙ ጊዜ ተከፍቷል? እንደ ልማዱ።

«የተቀደደ ጓንት ነበር?»

«አልነበረም» አለች ህዮንጁ።

ፕዮን ቀና ብላ አየቻትና ጻፈች። ህዮንጁ ፈረመች። በሳምንቱ ሪፖርቱ ሲወጣ «ምክንያቱ፦ ቤት ውስጥ በቂ ጥንቃቄ አለመደረጉ ሳይሆን አይቀርም» ይላል።

ጉልበቱን ከፍተው ቢያጥቡትም መግሉ አልጠፋ አለ። ስለዚህ ብረቱ መውጣት ነበረበት። ያን ቀን መሣሪያ ያቀበለችው ያው ህዮንጁ ናት። ብረቱ አጥንቱን እየቧጠጠ ሲነቀል፣ ከሥሩ መግሉ ሲፈስ፣ በማስኩ ውስጥ ዘልቆ የመጣውን ሽታ ከዚያ ቀን በፊት መቶ ጊዜ አሽትታዋለች፤ አንድም ቀን የራሷ ሽታ መስሏት አያውቅም። ባዶው ቦታ ላይ መድኃኒት የተለወሰበት ሲሚንቶ ተደረገ። እማማ ጆምሱን ስድስት ሳምንት አልጋ ላይ ሆነው መድኃኒት በደም ሥራቸው ይገባላቸዋል፤ ቁስሉ ከጠራ ሌላ ብረት ይገባል፤ ካልጠራ እግራቸው እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ይቀራል። የዛጎሉ ወራት ሊገባ ነበር። መንደርተኛው ሁሉ ሳንቃውን እያጠበ ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ህዮንጁ በኮሪደሩ ስታልፍ ትዌት ተነስታ መንገድ ዘጋችባት። በእጇ የማዳበሪያ ከረጢት የመሰለ ወፍራም ላስቲክና ተለጣፊ ይዛለች።

«ሲስተር፣ አንዴ እዪልኝ» አለችና እጅጌዋን ሰብስባ የራሷን ክንድ በላስቲኩ ትጠቀልለው ጀመር። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ላይና ታቹን በተለጣፊው አሸገችው። ከዚያ መጸዳጃው በር ላይ ካለው ቧንቧ ሥር ክንዷን አስገብታ ውሃውን ለቀቀችው፤ ብዙ ቆየች፤ አውጥታ ላስቲኩን ፈታችው። ክንዷ ደረቅ ነበር።

«እንዲህ ነው ያደረግሁት። በዚህ ውሃ ይገባል?»

«አይገባም።»

«ልጄ ትናንት 'እማዬ፣ አያቴን ያሳመምሻት አንቺ ነሽ?' አለኝ። ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከአክስቱ ሰምቶ ነው። አይደለሁም እለው ዘንድ እኔም አላውቅም። በዚህ ውሃ ካልገባ በምን ገባ፣ ሲስተር?»

ህዮንጁ ከአጠገቧ አልፋ ሄደች። መሣሪያ ማከማቻው ውስጥ ገብታ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው የተደረደሩት ጥቅሎች መሐል ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰው የሚያፍረው ከውሸቱ በፊት ይመስላት ነበር እንጂ ከውሸት በኋላ እፍረቱ በየቀኑ እንደሚወልድ አታውቅም ነበር። መጀመሪያ ያፈረችው ዝም በማለቷ ነው። ቀጥሎ ስለፈረመችው ፊርማ። አሁን ደግሞ አንዲት ሴት በራሷ ክንድ ላይ ውሃ እያፈሰሰች ንጽሕናዋን ስታስመሰክር ቆማ በማየቷ ነው። ተነስታ ወደ ፕዮን ቢሮ ሄደች፤ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ጓንቱ ተቀድዶ ነበር። ሁለቱም። አይቻለሁ።»

ፕዮን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለምን ዋሸሽ አላላትም። ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና የቱ እጅ፣ የቱ ጣት፣ በየትኛው ሰዓት እያለች ጠየቀቻት።

«ያኛውን ወረቀት ቅደጂልኝ» አለች ህዮንጁ በመጨረሻ።

«አይቀደድም። ይኼኛው ከሱ ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱም ይኖራሉ።»

በሁለተኛው ቀን የሆስፒታሉ ኃላፊ ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ኃላፊው፣ ዶክተር ታክ፣ ፕዮንና ህዮንጁ። ዶክተር ታክ ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ ፊታቸው ጥላሸት መሰለ።

«በዓይንሽ አየሽው?»

«አየሁት።»

«ቆዳዬን አየሽ? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ህዮንጁ ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነበር፤ መልስም አዘጋጅታ ነበር፤ ሲሚንቶው ሊቦካ ነበር፣ ጊዜ አልነበረም የሚል። አፏ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው።

«እርስዎን ፈርቼ ነው።»

«አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ሠርተን?»

«አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ዶክተር።»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። በሽታው ከአንድ ቀዳዳ መጣ ማለት በእርግጥ አይቻልም፤ ለቤተሰቡ መናገሩም ነገር ማስፋት ነው አለ። ዶክተር ታክ ግራ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አመልካች ጣታቸውን ሲያዩ ቆዩና፣ ለማንም ሳይሆን ተናገሩ።

«ጣቴ እንደረጠበ ተሰምቶኝ ነበር። ላብ ነው ብዬ ተውኩት።» ቀጥለውም፣ «እነግራቸዋለሁ» አሉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አሮጊቷ ክፍል ገቡ። ልጅየውም ትዌትም ነበሩ። ዶክተር ታክ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው፣ ስለ ጀርም፣ ስለ መከላከያ ሥርዓት፣ በሥራ ሂደት ላይ ስለሚያጋጥም ጉድለት ረጅም ነገር ተናገሩ። አሮጊቷ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ልጃቸውን እያዩ ሰሙ።

«ምን ማለታቸው ነው?» አሉ ሲያበቁ።

ህዮንጁ ከበሩ አጠገብ ወደ አልጋው ቀረበች።

«እማማ፣ ኦፕራሲዮን ሲሆኑ የዶክተሩ ጓንት ተቀደደ። እኔ አየሁ፤ አልተናገርኩም። ያልቀየሩት እኔ ስላልነገርኳቸው ነው። ሲጠየቅም አልተቀደደም ብዬ ፈረምኩ። በሽታው የገባው በዚያ ሳይሆን አይቀርም። የእርስዎ ጥፋት አይደለም። የሷም አይደለም።»

ትዌት የያዘችውን የእንጉዳይ ሾርባ አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ዞረች። ልጅየው ጡጫውን ጨብጦ ዶክተሩ ላይ አፈጠጠ፤ አሮጊቷ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው እንዲቀመጥ አደረጉት።

«ስልኩን ስጠኝ። እህትህን ጥራልኝ» አሉት። ሴኡል ያለችው ልጃቸው ስታነሳ፣ «ነገ በመጀመሪያው ባቡር መጥተሽ ይቺን ልጅ ይቅርታ ትጠይቂያታለሽ። በስልክ አይሆንም። የሰደብሻት በሰው ፊት ነው» ብለው ዘጉት። ከዚያ ህዮንጁን አዩ።

«አባትሽ የብስክሌቴን ጎማ ሲጠግንልኝ፣ አንዱን ቀዳዳ ጨርሶ ሁለተኛ መኖሩ ትዝ ካለው፣ ሄጄ ከሆነ እንኳ መንገድ ላይ ተከትሎ ይጠራኝ ነበር» አሉ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ህዮንጁ ብዙ ብትጠብቅም አልተመለሱም።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ገብታ ስትጠይቃቸው የተኙ ይመስላሉ። አለመተኛታቸውን ታውቃለች፤ እሳቸውም እንደምታውቅ ያውቃሉ። እሷም ሳትቀር ትገባ ነበር። ሌላ ነርስ ልካ መገላገል ትችል ነበር፤ ያን ማድረግ ግን ሌላ እፍረት ሆነባት።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ ፕዮን ሁለት ነገር አስገባች። አንደኛው፣ ተቀደደም አልተቀደደም፣ ብረት ከመግባቱ በፊት ሁሉም የላይኛውን ጓንት ይቀይራል። ሁለተኛው፣ ንጽሕናው የተጓደለ ነገር ያየ ማንም ሰው፣ ወለል ጠራጊዋም ብትሆን፣ «ይቁም» ይላል፤ ሥራው ይቆማል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ዶክተር ታክ ሥራ ሲጀምሩ፣ «ዛሬም ያየ ይናገር» ይላሉ፤ አነጋገራቸው ሽማግሌ ተማሪ የተሰጠውን ግጥም በቃሉ ሲወጣ ይመስላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ምንም አላለም። ሁሉም የሚያስበው ተሳስቼ ብገኝስ እያለ ነው።

ቃሉ መጀመሪያ የተነገረው በኅዳር ወር ነው፤ የተናገረችው ናሬ ናት፤ የተነገረው በህዮንጁ ላይ ነው።

«ይቁም» አለች ናሬ፤ ድምጿ እንደ ክር ቀጥኗል። «ሲስተር ህዮንጁ፣ እጅጌሽ ከኋላ ያለውን መደርደሪያ ነካ።»

ህዮንጁ አልነካሁም ብላ ልትመልስ ነበር። ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ይቺ ትናንት የመጣች ልጅ፣ በሰው ፊት፣ የሚል ሐሳብ በልቧ ሲያልፍ በደንብ ሰማችው፤ የሰማችውም በዶክተር ታክ ድምፅ ነበር። ደነገጠች። ከጠረጴዛው ራቅ ብላ ጋውኑንም ጓንቱንም አውልቃ፣ ታጥባ፣ ሌላ ለበሰች። አሥር ደቂቃ ፈጀ። ዶክተር ታክ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጥፈው ጠበቁ፤ ግንባራቸው ተቋጥሯል፤ ግን ጠበቁ።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ናሬን ለብቻዋ አገኘቻት።

«አምና እዚህ ቦታ የነገርኩሽን ታስታውሻለሽ?»

«ረስቼዋለሁ፣ ሲስተር።»

«አልረሳሽውም።»

ናሬ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ አለች። «አዎ» አለች። «አልረሳሁትም። ያን ቀን ጓንቱን እኔም አይቼው ነበር።»

ህዮንጁ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተቀመጠች። በዚያ ክፍል ውስጥ ዝም ያለችው አንድ ሰው ብቻ ነበረች ብላ ታስብ ነበር። የሁለተኛዋን አፍ ራሷ በገዛ እጇ እንደዘጋችው እስከዚያች ሰዓት አልታያትም።

«ያንን ዝምታ የዘራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ናሬ ከኪሷ ብርቱካን አውጥታ ልጣ ግማሹን ሰጠቻት። ሁለቱም አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው በሉ።

የእማማ ጆምሱን ቁስል ጠራ። በታኅሣሥ አዲሱ ብረት ገባላቸው፤ ሁሉም ጓንቱን ቀይሮ፣ በሩ ተዘግቶ። ጉልበታቸው ይታጠፋል፣ ግን ወንበር ላይ ለመቀመጥ ያህል ነው። ዳግመኛ ተንበርክከው ጭቃ ላይ አይወጡም። ዶክተር ታክ ይህን የነገሩአቸው ወንበር ስበው፣ ከአልጋው እኩል ዝቅ ብለው ተቀምጠው ነው፤ በአጭር ቃል።

በሚያዝያ ለምርመራ ሲመጡ በምርኩዝ ራሳቸውን ችለው ይሄዱ ነበር፤ ትዌት ከኋላቸው ቦርሳቸውን ይዛለች። ህዮንጁ ኮሪደሩ ላይ አየቻቸውና እንደ ለመደችው ቆማ እስከ ወገቧ ጎንበስ አለች፤ እስኪያልፉ ቀና አትልም። አሮጊቷ ግን አላለፉም። ምርኩዛቸው ጫማዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ባየሁሽ ቁጥር እንዲህ ታጎነብሻለሽ። እኔም አጸፋውን ልመልስ ስል አንገቴን አመመኝ» አሉ። «እንደ ሰው ደህና ዋሉ በይኝና እንለያይ።»

«ደህና ዋሉ፣ እማማ።»

«ደህና ዋይ።»

ትዌት በአጠገቧ ስታልፍ ጭንቅላቷን ትንሽ ነቀነቀችላት። ህዮንጁ ድምጿን አግኝታ ሰላምታውን ትስጥ እንጂ ቀና ብላ ዓይናቸውን ለማየት ያን ቀንም አልቻለችም። የምርኩዙ ኳኳታ እስከ መውጫው በር ሲርቅ ሰማች፤ ከዚያ ቀጣዩ ታማሚ ስለደረሰ እጇን ለኦፕራሲዮን ልትታጠብ ገባች።